ሰሙ የተደበቀበት ቅኔ

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንዲት ስንኝ ይዘን ግማሽ ሌሊት ብንከራከር አይሰለቸንም። ቃሉ ሲላላ ምን ይላል፣ ሲጠብቅስ ወዴት ይወስዳል፣ ባለቅኔው ወርቁን ከየትኛው ሰም ሥር ቀበረው እያልን እንቆፍራለን። ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። በማግስቱ ግን ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በታክሲ ስንጓዝ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለውንና የተለጠፈውን ሁሉ ዐይናችን እያየው ልባችን ሳያየው እናልፋለን። የሪል ስቴቱ ማስታወቂያ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ላይ የተሳለው ሥዕል፣ የባንኩ ዓርማ፣ በውሃው ጠርሙስ ላይ ያለው ተራራ፣ እያንዳንዱ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ከእኛ የሚፈልገው ነገር አለ። ለግጥም የማንነፍገውን ጥንቃቄ ለእነዚህ ስለምን እንነፍጋቸዋለን?

በእኔ እምነት ሥነ-ምልክት የተባለው ዕውቀት በትምህርት፣ በንድፍና በማስታወቂያ ላይ በምናደርገው ምርምር ውስጥ ተገቢ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ቦታ ሲሰጠው ግን የምልክቱ ትርጉም ከተመራማሪው ጠረጴዛ ሳይሆን ምልክቱን ከሚያነበው ሰው አፍ ሊፈለግ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ደግሞ አዲስ አበባን ከከበቧት ከእነዚህ ሦስት ከተሞች የተሻለ የጥናት ሜዳ ያለ አይመስለኝም።

አስቀድሞ ስለ ዕውቀቱ ጥቂት እንበል። ሥነ-ምልክት፣ በባዕድ ስሙ ሴሚዮቲክስ፣ ምልክት እንዴት ትርጉም እንደሚሰጥ ይመረምራል። መሠረቱን የጣሉት በተቀራራቢ ዘመን የኖሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር፣ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 በታተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ፣ ቃልና ቃሉ የሚያመለክተው ሐሳብ የተሳሰሩት በተፈጥሮ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ስምምነት ነው አለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ደግሞ ምልክትን ከሦስት ከፈለው፤ እንደ ፎቶግራፍ ነገሩን በመምሰል የሚያመለክት፣ እንደ ጭስ ከነገሩ ጋር በመያያዝ የሚያመለክት፣ እንደ ፊደል በስምምነት ብቻ የሚያመለክት። ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው የፐርስ ሐሳብ ነው፤ ምልክት ያለ ተርጓሚ ምልክት አይሆንም። በሰው አእምሮ ውስጥ ሌላ ሐሳብ እስካልቀሰቀሰ ድረስ ቀለምና መስመር ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠላ በሚሸጥበት ቤት ደጃፍ እንጨት ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ፊደል የለበትም፤ ቀለም የለበትም። የአገሬው ሰው ግን ጠላ እንዳለ ያውቃል፤ ጣሳው ከወረደም ማለቁን ያውቃል። እንግዳ ሰው ቢያየው ጣሳ ነው። ጣሳው ከመጠጡ ጋር የተያያዘ ነውና በፐርስ አከፋፈል ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። ተደፍቶ በእንጨት ላይ መሰካቱ ግን ስምምነት ነው። ስምምነቱን የማያውቅ ሰው ዐይኑ ቢበራም ማንበብ አይችልም።

ሌላም አለ። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር። ዛሬ ውሃ ይያዝበት ዘይት፣ ይሙላ ይጉደል፣ ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ ኦሞ፣ የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት እንደሆነ ማለት ነው። ድርጅቶቹ ስሙን ያወጡት ከሌላው እንዲለያቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወስዶ የሁሉም መጠሪያ አደረገው። ምልክትን የሚሠራው አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚያጸናው ግን ብዙው ነው። ብዙውን ሳይጠይቁ ስለ ምልክት መጻፍ ታዲያ ግማሹን ትቶ መጻፍ ነው።

ወደ ትምህርት እንለፍ። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ልጅ ገና ጥርሱን ሳይነቅል በሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት መካከል ይቆማል። በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው የላቲን ፊደል፣ ማለትም ቁቤ፣ አንዱ ነው። የግዕዝ ፊደል ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ነው። ቁቤና እንግሊዝኛ መልካቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ይለያያል። ኤክስ የምንላትን ፊደል እንውሰድ። በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ በሚለጠፈው የእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ ላይ ለኤ ፖም፣ ለኤክስ ደግሞ ዛይሎፎን የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ይሳላል። ሥዕሉ የተቀመጠው ለፊደሉ መሰላል እንዲሆን ነው፤ ልጁ በሚያውቀው ነገር ተደግፎ ወደማያውቀው እንዲወጣ። ዛይሎፎን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ግን መሰላሉ ራሱ ሌላ መሰላል ይፈልጋል። ያው ልጅ ያችኑ ኤክስን በአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ ያገኛታል፤ በቁቤ ድምፅዋ «ጥ» ነው። ጤፍ፣ በአፋን ኦሮሞ «ጣፊ»፣ የሚጀምረው በእርሷ ነው። አንዲት ምልክት በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ከማይታወቅ መሣሪያ ጋር፣ በሌላኛው ማለዳ ከበላው እንጀራ ጋር ትመጣበታለች።

ሲ የምንላት ፊደልም እንዲሁ ናት፤ በቁቤ «ጭ» ትባላለች። ጨፌ የሚለው ቃል የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስም ነው፤ መነሻው ጉባኤ የሚቀመጡበት ለምለም መስክ ነው። ይኸው ቃል በቁቤ ተጽፎ ሲታይ እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ዐይን ካፌ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሰውየው ፊደል አልሳተም፤ የአንዱን ቤት ቁልፍ ይዞ የሌላውን በር ነው የሞከረው። ልጁም በክፍል ውስጥ እንዲህ ሲያነብ «ተሳስተሃል» ይባላል እንጂ በየትኛው ቁልፍ እንዳነበበ የሚጠይቀው የለም። ሥነ-ምልክት ለትምህርት ጥናት የሚያበረክተው ይህንን ጥያቄ ነው። ስንት ልጅ ሳተ ብሎ ከመቁጠር አልፎ ስህተቱ ከየትኛው ሥርዓት እንደመጣ ይመረምራል።

ጉዳዩ የዐይን ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሰበታ ራሷ ታስተምረናለች። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለው በዚያ ነው፤ ትውልዶች በጣታቸው ማንበብን ተምረውበታል። ብሬል በስድስት ነጥብ የሚሠራ ነው፤ ከስድስት ነጥብ የሚወጡት ልዩ ልዩ ቅርጾች 63 ናቸው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ደግሞ 231 ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቅርጽ መስጠት አይቻልምና የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ከአናባቢው ለይቶ አንዱን ካንዱ ቀጥሎ ይጽፋል። ለዐይን «ቡ» አንድ ምልክት ናት፤ ለጣት ግን ሁለት። ቋንቋው ያው ሆኖ የምልክቱ አሠራር እስከ ሥሩ ተለወጠ ማለት ነው። ስለ መማሪያ መጽሐፍ የሚያጠና ሰው «ሥዕሉ መልእክቱን በግልጽ ያስተላልፋል» ብሎ ከመጻፉ በፊት ለማን እንደሚያስተላልፍ ቢጠየቅ አግባብ ነው።

ንድፍ ስንል ሕንፃና ጌጥ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ቅጽም ንድፍ ነው፤ የብር ኖትም፣ የምርጫ ወረቀትም፣ ካርታም ንድፍ ነው። በባንክ መስኮት ጀርባ ስለምውል ቅጽ ሰውን እንዴት እንደሚያሸማቅቅ በየቀኑ አያለሁ። በገበያ ላይ ከብት ሲሻሻጡ ማንም የማያታልላቸው አባት፣ ቅጽ ሲሰጣቸው ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ «እባክህ ልጄ፣ አንተው ሙላልኝ» ይላሉ። ፊደል ባይቆጥሩም ማንበብ አይችሉም ማለት አይደለም። ገንዘብ የሚያስገቡበትንና የሚያወጡበትን ወረቀት በቀለሙ ይለያሉ። ብሩን በቀለሙ፣ በሥዕሉና በመጠኑ ይለያሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና ርግብ ያለበት ሐምራዊው 200 ብር ሲጨመር ለተማረው ሰው የተለወጠው መልክ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ያውቀዋል። በቀለም ለሚያነቡት ግን የተለወጠው ፊደሉ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሙሉ ገበታ እንደገና መቁጠር ነበረባቸው፤ ለዚህ ትምህርታቸውም የምስክር ወረቀት የሰጣቸው የለም።

በምርጫ ወረቀት ላይ ለፓርቲዎች ምልክት የሚሰጠውም ስለ እነዚሁ አንባቢዎች ሲባል ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ ንብን፣ ቅንጅት ሁለት ጣትን ይዘው ቀረቡ። ንብ ለአንዱ ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ ለሌላው ተናዳፊ። ሁለቱ ጣቶች ደግሞ ከወረቀቱ ወጥተው በሰልፉ ላይ የሰው እጅ ሆኑ። ምልክት ከአውጪው እጅ አንዴ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አውጪው አይደለም።

ካርታን ከሁሉ መጨረሻ ያነሣሁት ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ። ጉዳዩ የምልክት ብቻ ነበር አልልም፤ የመሬት፣ የሥልጣንና የኑሮ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ካርታም ጽሑፍ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ባለሙያና ከመሬቱ ላይ ቆሞ የሚያየው አራሽ በአንድ ዓይነት አያነቡትም። በወረቀቱ ላይ አንድ ቀለም የተቀባው ቦታ በመሬቱ ላይ እያንዳንዱ ጥጉ ስም አለው፤ የእገሌ ማሳ፣ የእገሌ ወንዝ ዳር፣ የእገሌ መቃብር። ባለሙያው «የወደፊት ልማት» ብሎ የጻፈውን አራሹ «ውጣ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ንባቡን አስቀድሞ መጠየቅ እንግዲህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ማስታወቂያን ደግሞ እንመልከት። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጽሑፍ የአንድ ፓስታ ድርጅትን ማስታወቂያ ወስዶ እንደ ግጥም ተነተነው። ከገበያ የተመለሰ መረብ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ፓስታ ይታይበት ነበር። ቀለማቱና የድርጅቱ ስም ግን በአንድነት «ጣሊያን» እያሉ ይጣሩ ነበር። ጥሪው የሚሠራውም ለፈረንሳዮች ነው፤ ራሱ ጣሊያናዊው እንዲያ ላያነበው ይችላል።

እኛስ? የሰበታን ስም በመላ አገሪቱ ካስጠሩት ነገሮች አንዱ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ነው። በ2004 ዓ.ም. የብሪታንያው ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ዞረ። እንዲህ ባለ ሽያጭ ጋኑና ቧንቧው ብቻ አይሸጥም፤ ስሙም ይሸጣል። አቦ የሚለው ቃል ለአገሬው ጆሮ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው። «አንድ ጊዮርጊስ አምጪልኝ» የሚል ጠጪም ታቦቱን ማለቱ እንዳልሆነ አስተናጋጇም እርሱም ያውቃሉ። ስሙ ግን ወደ ገበታው ሲመጣ ባዶውን አልመጣም፤ የዘመናት ፍቅርና አመኔታ ተሸክሞ ነው የመጣው። የባንኮቻችንም ስም ከዚህ አይርቅም። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ አዋሽ ተባለ፤ ዳሸን፣ ወጋገን፣ ንብና አንበሳ ተከተሉት። ወንዝ፣ ተራራ፣ የንጋት ብርሃን፣ ነፍሳትና አውሬ ናቸው፤ ስለ ገንዘብ የሚናገር አንድም የለባቸውም። አዲስ የተመሠረተ ባንክ የዕድሜ ምስክር ስለሌለው ከዘላለም ነገሮች ዕድሜ ይበደራል። አዋሽ ደግሞ ከአገር ሳይወጣ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። ስም አውጪዎቹ ይህን አስበው እንደሆነ አላልሁም፤ አንድ ቆጣቢ ግን እንዲህ አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም።

እነዚህ ለዘብ ያሉት ናቸው። ከሱሉልታና ከሰበታ መንገድ ዳር የሚቆሙት የቤት ልማት ማስታወቂያዎች ግን ሌላ ንባብ ይሻሉ። ሣሩ የተከረከመ ግቢ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ ጥርሱን የገለጠ ቤተሰብ ይታይባቸዋል። የሚታየውን ማንም ያነባል። የሥነ-ምልክት ተማሪ ግን የጎደለውን ይጠይቃል። ሱሉልታ የታወቀችበት ድርቆሽ የት ሄደ? የወተት ላሞቹስ? ከሰሌዳው ጀርባ ያረሰው ሰው ስለምን በሥዕሉ ውስጥ አልተሳለም? ሥዕሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ቤቱ በእርግጥ ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሜዳ ባዶ እንደነበር አስቀድሞ ለዐይናችን ያሳምናል፤ ዐይናችን ያመነውን ልባችን መልሶ አይጠይቅም።

የእኛን ቅኔ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቅኔያችን ሰሙ ይታያል፣ ወርቁ ይደበቃል፤ አድማጩ ሲቆፍር የከበረውን ያገኛል። በማስታወቂያ ነገሩ ተገልብጧል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ወርቁ ነው፤ ፍቅር፣ አገር፣ ቤተሰብ፣ ክብር። የተደበቀው ሰሙ ነው፤ ዋጋው፣ ውሉ፣ ጉዳቱ። ባለቅኔው ቆፍረህ አግኝ ይልሃል፤ ማስታወቂያው ደግሞ አትቆፍር ይልሃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል ብዙዎች የገረማቸው እነዚያ ማስታወቂያዎች ስለ ቢራው ምን ያህል ጥቂት ይናገሩ እንደነበር ነው። ጭፈራው፣ ባህሉ፣ አንድነቱ፣ መልክዓ ምድሩ ነበር የሞላቸው። ሕግ ድምፁን ሊዘጋ ይችላል፤ ንባብን ማስተማር ግን የትምህርት ቤትና የእኛ የጸሐፍያን ፋንታ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የሚመጣብኝ ተቃውሞ ይታወቀኛል። «ሥነ-ምልክት የግምት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ቀይን ደም ነው ይላል፣ ሌላው ፍቅር ነው ይላል፤ ማን ይዳኛቸዋል?» ተቃውሞው እውነት አለው። ብዙ ጥናት ተመራማሪው ብቻውን ተቀምጦ «ይህ ቀለም ተስፋን ያመለክታል» ብሎ የሚደመድምበት ነው። እንዲህ ያለውን ጥናት እኔም አልከላከልለትም። መድኃኒቱ ግን ዕውቀቱን መተው አይደለም፤ ሁለት ልማድ መጨመር ነው። አንደኛው ከሥነ-ምልክት ሊቃውንት የሚገኘው የመለዋወጥ ፈተና ነው። ከምልክቱ አንዱን ነገር ብቻ ታነሣና በሌላ ትተካዋለህ፤ የሰዎች ንባብ ከተለወጠ ያ ነገር ትርጉም ተሸካሚ ነበር፤ ካልተለወጠ ጌጥ ነበር። የተከረከመውን ሣር በገብስ ማሳ ብንተካው ያ ማስታወቂያ ቤት ይሸጣል? ይህ ሊሞከር የሚችል ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ከቤታችን የሚገኝ ነው፤ አንድምታ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱን ጥቅስ ይዘው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ይደረድራሉ፤ አዲሱን ሲያመጡ የፊተኛውን አይሽሩትም። መጽሐፍ ቅዱስንና የመንገድ ማስታወቂያን አንድ ላይ መቁጠሬ አይደለም፤ ይህን ሥርዓት ግን መዋስ እንችላለን። ከአንድ የቡራዩ ሰሌዳ ፊት ቆመን ተማሪዋን፣ ሹፌሩን፣ ጉሊት የምትሸጠውን እናት፣ ከገጠር የመጡትን አዛውንት እንጠይቅ፤ ምን ታያለህ፣ ምን ይላል ትላለህ፣ ምን አድርግ ይልሃል። መልሳቸውን አንድም፣ አንድም እያልን እንጻፍ። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የስማቸው ሰሌዳም ተለወጠ፤ በየሰሌዳው የቱ ቋንቋ ከላይ ተጻፈ፣ የቱ ከታች፣ የቱስ በትልቁ የሚለውን ሰዉ ሳይነገረው ያነባል። ንባቡም በየሰው ይለያያል። ልዩነቱን መዝግቦ ማስቀመጥ ከመጨቃጨቅ ይሻላል፤ ለሚቀጥለው ሰሌዳ ሠሪም ይጠቅማል።

የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። የጋዜጠኝነትና የቋንቋ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚማሩትም የሚስሉት ነገር አያጡም። ጥቂቶቹ እንኳ ከቤተ መጻሕፍት ወጥተው ወደ እነዚህ ከተሞች ቢዘልቁ፣ ቅጽ አዘጋጁ ከመታተሙ በፊት ለአምስት አዛውንት ቢያሳይ፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ ሥዕሉን ለልጁ ሰጥቶ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ፣ ብዙ ይለወጣል።

ከቡራዩ መምህራን አንዱ ይህን ቢያነብ ደግሞ በነጻ የምትሠራ አንዲት ምርምር ልጠቁም። በአንደኛው ክፍል ግድግዳ የእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ እንዳለ ይቆይ። በሌላኛው ክፍል ከሰንጠረዡ አጠገብ የቁቤው ይለጠፍ፤ ከኤክስ ሥር የጤፍ ዘለላ ይሳልበት። በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የሁለቱን ክፍል ልጆች ወደ መንገድ አውጥቶ የሱቆቹን ስም ያስነብባቸው፤ ሲሳሳቱም በየትኛው ቁልፍ እንዳነበቡ ይጠይቃቸው። የሚመልሱለትን ቢጽፍልን እኛም በደስታ እናነባለን።